ሚስክና ዝባድ፦ ሰውን ምን ይማርከዋል?

ስለ ሽቶ የምናወራበት መድረክ ላይ አንድ ጥያቄ አነሳሁ። አበባ ሽቶ መሆኑ ይገባኛል። ጽጌረዳም፣ ሎሚም፣ ሰንደልም በራሳቸው ደስ ይላሉ። ሚስክ ግን ከእንስሳ እጢ የሚወጣ ነገር ነው። ንጹሑን ጠጋ ብሎ ያሸተተ ብዙ ሰው ፊቱን ያዞራል። ታዲያ ከቻይና እስከ መካ፣ ከፓሪስ እስከ መርካቶ ሰው ለምዕተ ዓመታት ሲፈልገው የኖረው ለምንድን ነው?

የማውቀውንም አስቀድሜ ጻፍኩ። ሚስክ የሚገኘው በሂማላያ፣ በቲቤት፣ በቻይናና በሳይቤሪያ ተራሮች ከሚኖር ትንሽ የአጋዘን ዘመድ ነው። ቀንድ የለውም። ወንዱ ከላይኛው ከንፈሩ ወደ ታች የወጡ ሁለት ረጃጅም ጥርሶች አሉት። ሆዱ ሥር ባለች ከረጢት ውስጥ ሚስኩ ይጠራቀማል፤ ሲደርቅ ጥቁር ቡናማ ፍርፋሪ ይሆናል። እኛ ደግሞ ጥርኝ ከሚባለው የሌሊት እንስሳ እጢ የሚወጣ ዝባድ አለን። ሁለቱ በመዓዛም በሥራም ይቀራረባሉ።

የራሴን ሐሳብም አከልኩ። አበባ ብቻ ያለበት ሽቶ አበባ አበባ ይላል። ሚስክ ሲገባበት ሰው ሰው ይላል። ገላ ላይ የተኛ ሽታ ነው፤ ሞቅ ያለ፣ ቅርብ የሆነ። ሌሎቹ ሽታዎች ቶሎ እንዳይበንኑም አብሯቸው ይቆያል። የሚማርከን ይህ ይመስለኛል አልኩና ለሰዎች ተውኩት።

መልስ 1 ከአንዲት እህት መጣ። በጣም በትሕትና ነበር የጻፈችው። እህቷ ከጅዳ የምትልክላት ሚስክ አለ፤ ነጭ፣ እንደ ሎሽን ወፈር ያለ፣ በትንሽ ብልቃጥ የሚመጣ። ጠሃራ የሚባለው ነው። ይህም ከአጋዘን ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ከሆነ መቀባቱን ለመተው እንዳሰበች ሳትሸሽግ ተናገረች።

መልስ 2 ዱባይ፣ ዴይራ፣ ሽቶ ሱቅ ውስጥ የሚሠራ ሰው ነው። አይዞሽ አላት። እሱ በሚሠራበት ሱቅ በጠሃራ ስም የሚሸጠው ሁሉ በፋብሪካ የተሠራ ነው። ዋጋው ራሱ ይናገራል ብሎ ሒሳቡን አስቀመጠ። ከአንድ አጋዘን የሚገኘው 25 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ ለአንድ ኪሎ 40 ያህል ወንዶች ያስፈልጋሉ። ወጥመድ ደግሞ ወንድና ሴት አይመርጥም፤ ሴቲቱም ግልገሉም ይገባሉ፣ በከንቱም ይሞታሉ። እንስሳቱ የዱር እንስሳት ንግድን በሚመለከተው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ በሳይቲስ፣ ጥበቃ ሥር ናቸው። የሂማላያዎቹን ከዱር ይዞ ለንግድ ድንበር ማሻገር ጭራሽ ክልክል ነው። እንዲህ ያለ ነገር በምሳ ዋጋ በብልቃጥ አይሸጥም አለ። እኔም ብሆን ከዚህ የተሻለ ልነግራት አልችልም ነበር።

መልስ 3 ወንድማችን በሃይማኖቱ በኩል መጣ። በሐዲስ ሚስክ ከሽቶዎች ሁሉ በላጭ ተብሎ መጠቀሱን፣ የጾመኛ የአፍ ሽታ አላህ ዘንድ ከሚስክ እንደሚበልጥ መነገሩን አስታወሰ። ሽታው ለብዙ ሙስሊም የጁምዓ፣ የዒድና የንጽሕና ሽታ ነው። ከእንስሳ ቢመጣም ዑለማዎች ንጹሕ እንደሆነ ተስማምተዋል ሲልም አከለ። ያነሣው ነገር ትልቅ ነው። አንድ ሽታ ከልጅነት ጀምሮ ከታጠበ ገላና ከበዓል ልብስ ጋር ከመጣ፣ አፍንጫችን ብቻውን አይፈርድም።

መልስ 4 ኬሚስትሪ የተማረ ሰው ነው። በእኔ እይታ የክሩ፣ ማለትም የዚህ ውይይት፣ ምርጡ መልስ ይህ ነበር። ሚስክን ሚስክ የሚያደርገው ሙስኮን የሚባል ሞለኪውል ነው፤ ዝባድን ዝባድ የሚያደርገው ደግሞ ሲቬቶን። የሁለቱንም ቅርጽ ያወቀው አንድ ሰው ነው፦ ክሮኤሽያ ተወልዶ በስዊዘርላንድ የሠራው ሊዮፖልድ ሩዚችካ። ጊዜው 1926 እ.ኤ.አ. ነው። ሁለቱም የካርቦን ቀለበቶች ሆነው ተገኙ። የሙስኮን ቀለበት 15 ካርቦን፣ የሲቬቶን 17። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ትልቅ ቀለበት ሊጸና አይችልም ተብሎ ይታመን ነበር። ሩዚችካ በ1939 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ሲካፈል ይህ ሥራው አንዱ ምክንያት ነበር። አንዱ እንስሳ የሂማላያ ቅጠል በል፣ ሌላው የአፍሪካ ጫካ ሌሊት ወጪ። በሥጋ የማይገናኙ እንስሳት፣ በመዓዛቸው ግን የአጎት ልጅ ይመስላሉ። እኔ ይህን ሳነብ ከልቤ ተደነቅኩ።

መልስ 5 እዚያው ላይ ጨመረ። የመጀመሪያው ሰው ሠራሽ ሚስክ የተገኘው ፈንጂ ሲፈለግ ነው። አልበርት ባውር የሚባል ጀርመናዊ በ1888 እ.ኤ.አ. የቲኤንቲ ዘመድ የሆኑ ፈንጂዎችን ሲመረምር ከፊቱ ሚስክ ሚስክ የሚል ነገር አገኘ። ፈንጂነቱ ተረሳ፣ ሽቶነቱ ገበያ ወጣ። አንዳንዶቹ የዚህ ወገን ሚስኮች ኋላ ጉዳት እንዳላቸው ታወቀ። ሚስክ አምብሬት የሚባለው ቆዳን በፀሐይ ስለሚያስቆጣና በእንስሳት ነርቭ ላይ ጉዳት ስላሳየ በአውሮፓ ከመዋቢያ ዕቃዎች ተከልክሏል።

መልስ 6 አንድ መስመር ነበር። ምንም አይሸተኝም፣ ውሃ የተቀባሁ ነው የሚመስለኝ፣ ለምን ገንዘቤን አባክናለሁ የሚል።

መልስ 7 ደግሞ በተቃራኒው ባሏ የሚያስቸግራት ሚስት። እሱ ሚስኩ አይሸተውም። ስለማይሸተው ይጨምራል፣ ደግሞ ይጨምራል። መኪና ውስጥ መስኮት ሳይከፈት መሄድ አልተቻለም። ስትነግረው ምቀኛ ይላታል። ሰው ሳቀ፣ አስተያየትም ጎረፈ።

ይህን መልስ 8 በቁም ነገር አነሣው፤ ደግ አደረገ። የሚስክ ሞለኪውሎች በሽቶ ዓለም ትልልቅ ከሚባሉት ናቸው። አፍንጫችን ውስጥ ያሉት ተቀባዮች ደግሞ ከሰው ሰው ይለያያሉ። አንዱን ሚስክ አጥርቶ የሚያሸት ሰው ሌላው ጭራሽ ላይሸተው ይችላል። በልብስ ሳሙና ውስጥ የሚገባው ጋላክሶላይድ የሚባለው ለዚህ ዋና ምሳሌ ነው፤ የማይሸታቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ሽቶ ቀማሚዎችም ይህን ስለሚያውቁ በአንድ ሽቶ ውስጥ ሁለትና ሦስት ዓይነት ሚስክ ይከታሉ። አንዱ ቢያመልጥ ሌላው ይይዛል። ስለዚህ የመልስ 7 ባል ዋሾ አይደለም፣ ሚስቱም ምቀኛ አይደለችም።

ከዚህ በኋላ ነው ነገሩ ወደ አገር ቤት የመጣው።

መልስ 9 ኢሉባቦር ያደገ ሰው ጻፈ። ረጅም ነው፤ ግን አንድም ቃል የሚጣል አልነበረውም። ጎረቤታቸው ጥርኝ ያረቡ ነበር። ጥርኞቹ የሚኖሩት ከዋናው ቤት ጀርባ ባለ ጎጆ ውስጥ፣ እያንዳንዱ ለብቻው በጠባብ የእንጨት ሳጥን ነው። ወንዶቹ ብቻ ናቸው የሚያዙት። እሳት ከጎጆው አይጠፋም፤ ሙቀቱ ዝባዱን ያበዛል ይባላል። ሥጋ፣ ገንፎ፣ ቅቤ ይበላሉ፤ ቤተሰቡ ራሱ ሥጋ በማያገኝበት ቀን ጥርኙ አይጾምም። በየ9 እስከ 12 ቀኑ ዝባድ ይወጣል። አንዱ ሰው ጅራቱንና የኋላ እግሮቹን በእንጨቶቹ መካከል ስቦ ይይዛል። ሌላው ከጅራቱ ሥር ያለችውን ከረጢት ገልብጦ ይጫናል። ብጫ፣ ቅቤ የመሰለ ነገር ብቅ ይላል። በቀንድ ማንኪያ ይጠረጋል፤ ቦታው እንዳይቆስል ቅቤ ይቀባል። የተገኘው በከብት ቀንድ ውስጥ ይከማቻል። ሲቆይ ይጠቁራል። እንግዳ ሰው ወደ ጎጆው አይገባም፤ ዓይን ይፈራል። እሱ ራሱ የጎረቤት ልጅ ሆኖ እንኳ በቀዳዳ ነበር የሚያየው።

ሽታውንም ገለጸ። ጎጆው አጠገብ ሲያልፉ አፍንጫ ይቆርጣል፤ ሽንትና ቆሻሻ ነው። ልጅ ሳለ አፍንጫውን ይዞ ይሮጥ ነበር። ካደገ በኋላ አዲስ አበባ አንድ ነጋዴ በአልኮል በጣም የቀጠነ ዝባድ እጁ ላይ ጠብ አደረገለት። ያው ሽታ መሆኑን ማመን አቃተው። ጣፋጭ፣ ሞቃት፣ አበባም የሚመስል ሆነ። እዚህ ላይ ነው የጥያቄዬን ግማሽ መልስ ያገኘሁት። ዝባድ ውስጥ ስካቶል የሚባል ነገር አለ፤ ዓይነ ምድር ውስጥም ያለው እሱው ነው። ሲበዛ ያስጸይፋል። ሲያንስ ወደ ጃስሚን ይጠጋል። ጃስሚን አበባ ራሷ ውስጥ የዚህ ቅርብ ዘመድ የሆነ ኢንዶል አለ። መጠኑ ነው ነገሩን የሚገለብጠው።

መልስ 10 በታሪክ አገዘው። የእናርያና የጊቤ አገሮች ዝባድ ከወርቅና ከዝሆን ጥርስ ጋር በሲራራ ነጋዴ ተጭኖ በጎንደር በኩል ምጽዋ ይወርድ ነበር። የጅማው የሂርማታ ገበያም ዝባድ የሚገበያይበት ነበር። ኋላም ኢትዮጵያ ለፈረንሳይ ሽቶ ቤቶች ዋናዋ ዝባድ አቅራቢ ሆና ኖራለች። ፓሪስ ውስጥ በ1921 እ.ኤ.አ. የወጣው ቻኔል ቁጥር 5 ውስጥ የተፈጥሮ ዝባድ ነበረበት።

መልስ 11 ላይ ድምፁ ተቀየረ። ጀርመን አገር የምትኖር ሴት ናት። መልስ 9ን ሳነብ አለቀስኩ አለች። ሌሊት በጫካ ብቻውን ብዙ መንገድ የሚሄድ እንስሳ ዞሮ መመለስ በማይችልበት ሳጥን ዕድሜውን ሙሉ ይታሰራል፤ ይህን እንደ ባህል ቅርስ ማውራት ያሳፍራል ብላ ወረደችበት። በ1990ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. የእንስሳት ተቆርቋሪዎች ኢትዮጵያ ድረስ መጥተው ያዩትን ይፋ ማድረጋቸውን፣ ቻኔልም ከ1998 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተፈጥሮ ዝባድ መጠቀም ማቆሙን መናገሩን አስታወሰች። በምን ፊታችን ነው የምንኮራው ስትል ጠየቀች።

መልስ 12 የመልስ 9 ጸሐፊ ተመልሶ መጣ፤ በዚህ ጊዜ ተቆጥቶ። ጎረቤቶቻቸው ልጆቻቸውን ያስተማሩት በዚያ ቀንድ ነው። የቆዳ ጫማ አድርጎ፣ በፋብሪካ የታጎረ የዶሮ እንቁላል በልቶ፣ የገጠር ገበሬን አረመኔ ማለት ቀላል ነው አለ። ፈረንጅ ሽቶውን ሲፈልግ ገዛ፣ ሲጠግብ ሰደበ። የገበሬው ቀንድ ግን በጎተራ ቀረ። አንድ ሁለት ሻካራ ቃልም አልፎ ነበር።

መልስ 13 እሷም አልተኛችም። ገበሬውን ማንም አልሰደበም፣ ስለ ሳጥኑ ነው የምናገረው አለች። ከዚያ መልስ 14 ሌላ ሰው መጥቶ ስደተኛ ሁሉ አገሩን ይንቃል የሚል ነገር ወረወረ። የመድረኩ አስተባባሪ በመልስ 15 ገባ፤ ስለ ሰው ሳይሆን ስለ ጉዳዩ ጻፉ፣ አለበለዚያ ክሩ ይዘጋል ብሎ አስጠነቀቀ። ትክክል ነበር።

እኔም በመልስ 16 ያመንኩበትን ተናገርኩ። እህታችን ስለ ሳጥኑ ያለችው እውነት ነው። እንስሳው ይሠቃያል፤ ይህን ማለባበስ አልችልም። ወንድማችን ስለ ገበሬው ያለውም እውነት ነው። አንድ ሙያ በሩቅ አገር ውሳኔ ሲወድቅ አርቢውን ማንም አይክሰውም። ግን ሁለቱን እኩል አድርጌ ልተዋቸው አልፈልግም። ሲቬቶን በላብራቶሪ ይሠራል። ሽታው የሚማርከን ከሆነ ለማግኘት ሳጥን አያስፈልገንም። የሚያስፈልገው ለአርቢው ሌላ መተዳደሪያ ነው፤ ያ አካባቢ ቡናና ማር የሞላበት ነው።

መልስ 17 የቀድሞ ነጋዴ ነው፤ ሙግቱን ትቶ ስለ ማጭበርበር ጻፈ። ዝባድ ውድ ስለሆነ ቅቤ፣ ማር፣ ሙዝ፣ ገንፎ ሳይቀር ይቀላቀልበታል። ከላይ ንጹሑን አድርጎ ከታች ሌላ የሚሞላም ነበር። ስለዚህ አዋቂ ገዢ ከቀንዱ አፍ ብቻ አይቀምስም፤ እንጨት ሰድዶ ከታች ያወጣል።

ከዚህ በኋላ ክሩ መንገዱን ስቶ ትንሽ ዞረ። መልስ 18 ታክሲ ውስጥ ሽቶ ስለሚደፉ ሰዎች አማረረ፤ በተለይ ጠዋት፣ ባዶ ሆድ። መልስ 19 ጥፋቱ የሚስክ ሳይሆን የርካሽ ስፕሬይ ነው ብሎ ተከራከረ። መልስ 20 ዝባድ ለቤተ ክርስቲያን ዕጣን ይገባል ወይ ብሎ ጠየቀ፤ መልስ 21 ደግሞ ዕጣን ከዛፍ የሚወጣ ሙጫ መሆኑን በአጭሩ ነግሮት አለፈ።

መልስ 22 ወደ ነገሩ መለሰን። ኬንያ፣ ሳሙና ፋብሪካ ውስጥ የሠራች እህት ናት። ሁላችንም ሳናውቀው ሚስክ ለብሰን ነው የምንሄደው አለች። ከውሃ የወጣ አንሶላ ፀሐይ ላይ ደርቆ ሲታጠፍ የሚሸተን ያ ንጹሕ ሽታ በአብዛኛው ሰው ሠራሽ ሚስክ ነው። ሚስክ በውሃ በቀላሉ አይሟሟም፤ ቶሎም አይበንንም። ስለዚህ ልብሱ ሲታጠብ ሌላው ሽታ አብሮ ሲሄድ እሱ ጥጡ ላይ ይቀራል። ፋብሪካዎች ለብዙ ዓመት በኦሞውና በማለስለሻው ሲጨምሩት ኖሩ። እኛም ንጽሕናን በዚያ ሽታ ለመድነው። አንዴ የእንስሳ እጢ የነበረ ሽታ የንጽሕና ምልክት ሆነ። እኔ የጥያቄዬን ሌላውን ግማሽ ያገኘሁት እዚህ ነው።

መልስ 23 አራስ እናት ነበረች፤ ጭንቀት ያዛት። ጋላክሶላይድና መሰሎቹ በወንዝ ውሃ፣ በዓሣ፣ በእናት ጡት ወተት ውስጥ ሳይቀር ተገኝተዋል የሚል አንብባለች። እውነት ነው ወይ ብላ ጠየቀች። መልስ 24 ወሬ ነው፣ አትጨነቂ ብሎ በአጭሩ ዘጋት። ይህ አላስደሰተኝም፤ መልስ 25 ደግሞ አላለፈውም። የሳሙና ፋብሪካዋ እህት ተመልሳ መገኘታቸው እውነት መሆኑን ተናገረች። ሚስክ ዛይሊን የሚባለው በተፈጥሮ ስለማይፈርስና በሕያዋን አካል ውስጥ ስለሚጠራቀም በአውሮፓ ኅብረት ከገበያ ወጥቷል። ተገኘ ማለት ግን ጎዳ ማለት አይደለም፤ መጠኑ በጣም ትንሽ ነው። ጡት ማጥባቷን በፍጹም እንዳታቆም፣ ካስጨነቃት ሽታ የሌለው ሳሙና እንድትጠቀም መከረቻት። ለተጨነቀች እናት እንዲህ ነው የሚመለሰው።

መልስ 26 የመልስ 9 ጸሐፊ ነበር፤ ቁጣው በርዶ። ጥርኝ በዱር ሲኖር በየመንገዱ ዛፍና ጉቶ ላይ እየተሻሸ ዝባዱን ይተዋል። ልጅ ሳሉ ጫካ ውስጥ ያዩት ነበር፤ ግንዱ ላይ እንደ ቅባት ተለጥፎ። ለምን ከዚያ አይለቀምም አለ። እንስሳው ነፃ፣ ጫካው ቆሞ፣ አርቢውም ለቃሚ ሆኖ። መጠኑ ትንሽ፣ ንጽሕናውም አስቸጋሪ እንደሚሆን ራሱ አመነ። ጀርመን ያለችው እህት በመልስ 27 ወንድሜ ብላ አመሰገነችው፤ እንዲህ ያለ ዝባድ ቢኖር የመጀመሪያዋ ገዢ እሷ እንደምትሆን ጻፈች። እኔም ቢሞከር ደስ ይለኛል። ጫካው ዋጋ ካገኘ የሚጠብቀው ሰውም ያገኛል።

መልስ 28 ከእንስሳ ሙሉ በሙሉ መራቅ ለሚፈልግ አምብሬት የሚባለውን ዘር ጠቆመ፤ በመልስ 5 ከተነሣው ሰው ሠራሽ ሚስክ አምብሬት የተለየ ነው። የባምያ ዘመድ ነው፤ ዘሩ ዘይት ይወጣዋል፣ ዘይቱም ሚስክ ይሸታል። ዋጋው ከበድ ይላል እንጂ ይገኛል።

መጨረሻ ላይ የመልስ 6 ሰው ተመለሰ፤ ምንም አይሸተኝም ያለው። በመልስ 29 ታዲያ እኔ ምን ልግዛ ብሎ ጠየቀ። የዴይራው ሻጭ በመልስ 30 አስረዳው። ሱቅ ሲገባ አንድ ብልቃጥ አሽትቶ አይወስን። ሦስት አራት ዓይነት ሚስክ በየተለያየ ወረቀት ላይ ያስነካ፤ የሚሸተውን ለይቶ ይያዝ። ከዚያ አንዷን ጠብታ ክንዱ ላይ አድርጎ ወጥቶ ይሂድ። ሚስክ መጀመሪያ ላይ ዝም ይላል፤ ሰውነት ሲሞቅ ነው የሚነሣው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ራሱን ሳይሆን አብሮት ያለውን ሰው ይጠይቅ፤ የገዛ አፍንጫ ቶሎ ይለምዳል። የመልስ 7 ሚስትም ይህንኑ ባሌ እንዲያነበው አደርጋለሁ ብላ ከሥሩ ጻፈች።